ዳገት ለመውጣት የተለካ እህል

ሩቂያ ወፍራም ሴት ነበረች። በአሊዩ አምባ ይህ የሚያሳፍር ነገር አልነበረም፤ እንዲያውም ሰዎች ባሏን ሷሊሕን ሲያሞግሱ መጀመሪያ የሚያነሱት የሚስቱን ክንድ ነበር። ሷሊሕ ግመል እየነዳ ወደ አፋር በረሃ ወርዶ ጨው የሚያመጣ ነጋዴ ነው። ቤቱ ማሽላና ቅቤ አይጠፋውም፤ ሩቂያም ለእንግዳም ለራሷም አትሰስትም። ገበያ ስትወጣ በበቅሎ፣ ለቅሶ ስትደርስ በበቅሎ ነበር። ጉልበቷን ማመም ከጀመራት ዓመታት ቢያልፉም፣ በቅሎዋ ደጅ ላይ እስካለች ድረስ ነገሩ አላሳሰባትም።

ጣሊያን በገባ በሦስተኛው ዓመት በቅሎዋ ተወሰደች። በሸዋ ሮቢት በኩል ለሚሠራው መንገድ ጓዝ የሚያመላልስ የጋማ ከብት ያስፈልጋል ተብሎ፣ ወታደሮች ከአስተርጓሚ ጋር መጥተው በየደጁ የታሰረውን ሁሉ ነድተው ሄዱ። የሷሊሕ ግመሎች የተረፉት ያን ቀን በረሃ ስለነበሩ ብቻ ነው።

በዚያው ሰሞን አማቿ አብዱረሂም ከላይ ወረደ። አብዱረሂም የሩቂያን ልጅ ጣይባን አግብቶ የሚኖረው ወደ አንኮበር በሚያወጣው ገደል ላይ በተንጠለጠለች መንደር ነው። ጣይባ ሩቂያ ከወለደቻቸው ልጆች ሁሉ በሕይወት የቀረችላት አንዲቷ ናት፤ አሁን የመጀመሪያ ልጇን ፀንሳለች። በልማዱ የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው በእናት ቤት ስለሆነ፣ ሩቂያ መኝታዋን እንኳ አዘጋጅታ ነበር።

«እናቴ፣ ጣይባ መውረድ አትችልም» አላት አብዱረሂም መሬት መሬት እያየ። «ሁለት ጊዜ ደም ታያት። አዋላጇ ከአልጋ እንዳትነሳ ብላለች።»

«እና ማን ሊይዛት ነው? እናት እያላት?»

«እሷም እማን ጥሩልኝ ነው የምትለው። ግን አንቱ... ዳገቱን እንዴት ይወጡታል?»

ግመል ያንን ገደል አይወጣም፤ ለዚህ ነው የበረሃ ጭነት ሁሉ አሊዩ አምባ ላይ የሚራገፈው። አህያ እሷን ተሸክማ ጠርዙ ላይ አትቆምም። በቃሬዛ እንዳትወሰድ፣ በመንገዱ ላይ ተሰባስበው የታዩ ወንዶች አርበኞች ናቸው ተብለው ከላይኛው ምሽግ ይተኮስባቸዋል። የቀረው የራሷ እግር ነው። የራሷ እግር ደግሞ ከደጃፏ እስከ ጉድጓድ ውኃው ሁለቴ ያሳርፋታል።

አብዱረሂም ሲሄድ ሩቂያ ለማንም ሳትናገር ቆረጠች፦ መክሳት አለባት። ጣይባ እስክትወልድ ገና ወራት ነበሩ።

በምታውቀው መንገድ ጀመረች፤ ጾመች። ረመዳን ሩቅ ነበር፤ እሷ ግን አላህ ልጇን በሰላም እንዲገላግላት በልቧ ነይታ በየቀኑ ትጾም ጀመር። የዘነጋችው ነገር ቢኖር የምትኖርበትን ሰፈር ነው። ጾመኛን ማታ አብልቶ ያስፈጠረ ሰው የጾመኛውን ያህል አጅር፣ ምንዳ ያገኛል፤ ሩቂያ መጾሟ በተሰማ በማግስቱ መንደሩ ምንዳውን ሊሻማ ተነሳ። ጎረቤቷ ሐምዲያ መሐሉ በቅቤ የተሞላ ገንፎ ይዛ መጣች። መሪማ ሾርባ ላከች። ሙሀባ የግመል ወተት በጮጮ አስይዛ ላከች። የመጣውን መመለስ የሰውን ምንዳ መቀማት ነውና ሩቂያ ከሁሉም ቀመሰች፤ ቀኑን ሙሉ ባዶ የዋለ ሆድ ደግሞ መቅመስ ብሎ ነገር አያውቅም። ወሩ ሲያልቅ መቀነቷ ከቀድሞው ይልቅ አጠረ።

ይሄኔ በራሷ ተናደደች። ጾሙን ትታ፣ ቀኑን በአንድ ጭብጥ ቆሎና በውኃ መዋል ጀመረች። መጀመሪያ ላይ ቀለላት። ከዚያ ዓይኗ ጭልም ይልባት ጀመር። አንድ ረፋድ ላይ እንስራዋን አዝላ ከጉድጓዱ ስትመለስ መንገድ ላይ ወደቀች። እንስራው ተሰበረ፤ እሷን አራት ሴቶች ደግፈው አስገቧት።

ሷሊሕ ከበረሃ የተመለሰው በዚያ ሳምንት ነው። ተኝታ አገኛት፤ ምን እንደሆነች ጠየቀ፤ ሁሉንም ነገረችው።

«ይሄን ስንቅ የቆረጠልሽ ማነው?» አላት።

«ራሴ።»

«እኔ ለግመል ነጂዎቼ እንዲህ ያለ ስንቅ ብቆርጥ በድንጋይ ወግረው ለጅብ ይሰጡኝ ነበር።»

ሩቂያ ሳትወድ ሳቀች። ሷሊሕ ግን አልቀለደም። በጨው መንገደኞች ዘንድ ጉዞ ሊጀመር ሲል የእያንዳንዱ ሰው የቀን ስንቅ ሁሉም ባለበት በቅል ይሰፈራል። ቅሉ ከአባት የተወረሰ ነው፤ ማንም እንደ ፈለገ አያሳድገውም፣ አያሳንሰውም። ከበዛ ግመሉ በከንቱ ይሸከማል። ካነሰ ደግሞ ሰው ሁለት ቀን ይታገሥና በሦስተኛው ወይ ይወድቃል ወይ የጓደኛውን ስልቻ ይፈታል።

«ለመንገደኛ በቀን አንድ ቅል ዱቄት ነው» አላት። «አንቺ ቤት ተቀምጠሽ ሁለቱን ከነቅቤው ታነሺው ነበር።»

«ማን ቆጠረብኝ?»

«እህሉን የምገዛው እኔ ነኝ፣ የጣይባ እናት!»

«በል እሺ። ግማሽ ቅል ይሁንልኝና ቶሎ ልገላገለው።»

«አይሆንም። አንድ ሙሉ ቅል። ቅቤው ይቅር አልልሽም፣ በማንኪያ ይሁን። ጠዋት ጠዋት ደግሞ እንደ መንገደኛ ትሄጃለሽ።»

«በአንድ ሙሉ ቅል መቼ ልከሳ ነው?»

«በዝግታ። ጣይባ የምትወልደው ነገ ነው እንዴ?» ከዚያ ዓይኑን ጥጥ የሚመዝንበት ሚዛን ወደተሰቀለበት ጓዳ ጣል አደረገ። «የጥጥ ሚዛኑ ጥሩ ነው፤ በየጁምዓው ላንጠልጥልሽና እንየው?»

«በገበያ ሚዛን! ከጥጥ ጋር! ውርደቴን ነው የምትሻው?»

ሚዛኑ ቀረ። መለኪያዋ ዳገቱ ሆነ፤ ሳታርፍ የት እንደምትደርስ ታያለች።

የከበደው ቅሉ ሳይሆን ሐምዲያ ነበረች። እንደ ልማዷ ገንፎውን ይዛ ስትመጣ ሩቂያ የዕለት ድርሻዋን ጨርሳ ነበርና አልበላም አለቻት። ሐምዲያ ሳህኗን እንደያዘች ቆመች።

«እጄ ቆሸሸብሽ? ወይስ ጣሊያን የተወልንን ቅቤ አንቺ ናቅሽው?»

ሩቂያ እስከዚያ ቀን ለመክሳት እንደምትጥር ለሴት ተናግራ አታውቅም፤ እንዲህ ያለ ምኞት ለጆሮም እንግዳ ነው። አሁን ግን የጣይባን ነገር፣ ደሙን፣ ዳገቱን አንድ በአንድ ነገረቻት።

«ሰው ሷሊሕ ከሰረ ይላል እኮ» አለች ሐምዲያ።

«ይበል።»

«ሊያገባባት ነው፣ በቅናት ከሳች ይላል።»

«እሱንም ይበል።»

«ማን ይላል ብለሽ ነው? መጀመሪያ የምለው እኔ ነኛ!» አለችና ሳቀች። ሳቋ ሲያበቃ ገንፎውን ወደ ቤቷ መለሰችው፤ በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ደግሞ ሁለት በትር ይዛ ደጅ ላይ ቆመች።

መጀመሪያ የደረሱት ግመሎች እስከሚራገፉበት ሜዳ ነው። ሳምንታት አልፈው ከሜዳው በላይ ያለችውን ዋርካ ነኩ። ከዚያ ለብዙ ቀን አንዲት እርምጃ አልጨመረችም፤ ቅሉን በትክክል እየሰፈረች፣ እየሄደች፣ ሰውነቷ ግን እንቢ አለ። አንድ ቀን ሰርግ ተጠርታ ልኳን ጥሳ በላች። በነጋታው ምንም አልቀምስም ብላ ስትቀመጥ ሷሊሕ ቅሉን ሞልቶ ፊቷ አኖረው። «የትናንቱ አልፏል» አላት፤ «ዛሬ የዛሬውን ብዪ።» በላች። ዋርካውን ያለፈችው ከዚያ በኋላ ነው። ቀለበቷ ጣቷ ላይ መዞር ጀመረ፤ ጉልበቷ ሲያማት ደግሞ እንደ ድሮው እስከ ማታ አይቆይም።

አብዱረሂም ሁለተኛ የመጣው ከተጠበቀው ቀን ቀድሞ፣ አንድ ቀን ሊነጋጋ ሲል ነው። ምጡ ጀምሯል። ሩቂያ ያሰበችውን ያህል አልከሳችም፤ ከዋርካው በላይ ያለውን ምንጭ ደርሳበት የተመለሰችው አንዴ ብቻ ነው፤ ከምንጩ በላይ ያለውን አታውቀውም። ያን ዕለት ማለዳ እሷና ሐምዲያ በትራቸውን ይዘው ወጡ። አብዱረሂም አብሯቸው እንዳይታይ ቀድሞ ሄደ።

ከምንጩ በታች ጣሊያን በቅርቡ ባቆመው ኬላ ላይ የቆመው ባንዳ ከላይ እስከ ታች አያት።

«ወዴት ነው?»

«ልጄ ልትወልድ ነው።»

«አንቺ? ይሄን ዳገት?»

«አንተ ካላስቆምከኝ።»

ጓደኞቹ ሳቁበት፤ በእጁ እለፊ አላት።

ምንጩ ላይ አረፉ። ከምንጩ በላይ መንገዱ ድንጋይ ነው። ሩቂያ አሥር ጊዜ ትቆማለች፣ ትተነፍሳለች፣ ትቀጥላለች። አንድ ቦታ ላይ በእጇም በእግሯም ወጣች። ሐምዲያ ወሬዋ አለቀባት። ፀሐይ ወደ ምዕራብ ስታዘነብል የመንደሩ ውሾች ጮሁ።

ቤቱ በሴቶች ተሞልቷል። ጣይባ ከአዋላጇ ፊት ተንበርክካ ነበር፤ ፊቷ በላብ ርሷል።

«ማነው የመጣው?»

«እኔ ነኝ።»

«እማ? በምን መጣሽ?»

«በእግሬ።»

«አትዋሺኝ።» ቀና ብላ አየቻት፤ ዓይኗ ፈጠጠ። «ታመሽ ነበር? ከሳሽ እኮ!»

«አልታመምኩም። አሁን የኔን ተይው፣ የራስሽን ያዢ።»

ምጡ መጣ። ሩቂያ ነጠላዋን ጥላ ከልጇ ጀርባ ተቀመጠች፤ ጣይባም ሙሉ ክብደቷን ደረቷ ላይ ጣለችባት።