የሐኪሙን ቃል የሰማልኝ ወዳጄ

ነገሩ የሆነው ካቻምና፣ ፋሲካ ካለፈ በኋላ ነው። ለሰው ሳወራው "ኧረ ተወው በቃ፣ ትከሻህ ዳነ አይደል?" ይለኛል። አዎ፣ ድኗል። እኔን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ግን ትከሻው አይደለም። የሐኪሙን ቃል የሰማሁት ከማን አፍ እንደሆነ ነው።

እኔ የጂፕሰም ኮርኒስ ሠራተኛ ነኝ። ሥራዬ ቀኑን ሙሉ አንጋጦ፣ ሁለት እጅን ወደ ላይ ሰቅሎ መዋል ነው። በዚህ ሥራ እጅ ከሌለህ ምንም ነህ። ታምራት ደግሞ ሸሪኬ ነው፤ ሸሪክ ማለት እንኳ ያንስበታል። ሁለታችንም ከሆሳዕና ነው የመጣነው። መካኒሳ አቦ ጋ አንድ ክፍል ተከራይተን፣ አንድ ፍራሽ ላይ እየተኛን ነው ሥራ የጀመርነው። ቸርቻችን አንድ ነው። ሠርጌ ላይ አንደኛ ሚዜዬ እሱ ነበር። ሥራ የሚያመጣውና ከባለቤቶች ጋር የሚነጋገረው እሱ ነው፤ እኔ አፌ አይፈታም፣ እጄን ነው የማውቀው።

ያን ሰሞን ብስራተ ገብርኤል አካባቢ አንድ ትልቅ ሕንፃ ላይ ገብተን ነበር። እንደዚያ ያለ ሥራ አግኝተን አናውቅም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መሰላሉ ከሥሬ ተንሸራተተ። ስወድቅ የኮርኒሱን ብረት በቀኝ እጄ ቀለብ አደረግኩና ተንጠለጠልኩ። ትከሻዬ ውስጥ አንድ ነገር ቀጭ ሲል ሰማሁት። አብረውን የሚሠሩት ልጆች ሮጠው መጥተው አወረዱኝ። "ተመስገን በል፣ ድመት ነህ አንተ!" ብለው ሳቁብኝ። እኔም አብሬ ሳቅኩ።

ከዚያ በኋላ ግን በቀኝ ጎኔ መተኛት አቃተኝ። ሸሚዜን የምታወልቅልኝ ባለቤቴ ብዙነሽ ሆነች። "አንተ ሰውዬ፣ ጀግና ነኝ ማለቱን ተውና ሐኪም ቤት ሂድ" ብላ ነዘነዘችኝ። ሄድኩ። ዶክተሩ በዕድሜ ገፋ ያሉ፣ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። እጄን ወዲህ ወዲያ አደረጉና ኤምአርአይ ተነሥቼ ውጤቱን እንዳመጣላቸው አዘዙኝ። ተነሣሁ።

ውጤቱ በሚደርስበት ቀን አጎቴ ማረፉ ተነገረኝና ወደ ሆሳዕና ልሄድ ሆነ። ታምራት መናኸሪያ ድረስ ሸኘኝ። "አንተ ለቅሶህን ድረስ፣ ወንድሜ። ውጤቱን እኔ ተቀብዬ ለዶክተሩ አሳይልሃለሁ። ወንድሙ ነኝ እላቸዋለሁ፣ ደግሞስ ውሸት ነው እንዴ?" አለኝ። እንዲህ ያለ ሰው ስለሰጠኝ አምላኬን እያመሰገንኩ ነው መኪና ውስጥ የገባሁት።

በማግስቱ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ቁጭ ብዬ ሳለ ታምራት ደወለልኝ።

"ጌታ ይመስገን በል!" አለኝ።

"ምን አሉ?"

"ምንም የለም! ብርድ ነው። ጅማቱ ትንሽ ተቆጥቷል እንጂ ሌላ ነገር የለውም። ደግሞ አያስቀምጠው፣ ያሠራው፣ ሥራ ላይ ሲፍታታ ይለቀዋል ነው ያሉት።"

"እውነትህን ነው?"

"እኔ አንተን ልዋሽህ?"

ከዚያ እዚያው ስልክ ላይ መጸለይ ጀመረ። ጌታ ሆይ፣ የወንድሜን እጅ ስለጠበቅክ፣ ልጆቹን ስላሰብክ እናመሰግንሃለን እያለ። እኔ ዕንባዬ መጣ። "አሜን!" ስል ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሮ ለቀስተኛው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

ተመልሼ ሥራ ገባሁ። እጄን ከደረቴ በላይ ባነሣሁ ቁጥር እሳት ነው። ጥርሴን ነክሼ እሠራለሁ። ብርድ ነዋ! ያሠራው ተብሏላ! ታምራት ቅባት ገዝቶ መጥቶ በምሳ ሰዓት ራሱ ያሸኝ ነበር። "ዋጥ አድርገው፣ እየለቀቀህ ነው" ይለኛል። እኔም እሱን ላለማሳዘን "አዎ፣ ዛሬስ ሻል ብሎኛል" እለዋለሁ። ሳምንታት እንዲሁ ሄዱ።

አንድ ጠዋት የጂፕሰም ቦርድ ተሸክሜ ወደ ላይ ሳነሣ እጄ ጭራሽ አልታዘዝ አለኝ። ቦርዱ ወርዶ ተሰባበረ። ቀኝ እጄን በግራዬ ደግፌ ከመሰላሉ ወረድኩ። ምሳ ሰዓት ላይ ጉርሻ ወደ አፌ ማድረስ አቃተኝ። ያኔ ፈራሁ። በእውነት ነው የምላችሁ፣ ልጆቼን በምን ላሳድግ ነው ብዬ ፈራሁ።

ታምራት "ወጌሻ ጋ ልውሰድህ" አለኝ። ብዙነሽ ግን ሳታማክረኝ ሐኪም ቤቱ ወረፋ ይዛ ጠበቀችኝ።

ዶክተሩ እጄን ለማንሣት ሲሞክሩ ጮህኩ። ፊታቸው ተለወጠ።

"ምን ስትሠራ ነው የሰነበትከው?" አሉኝ።

"ሥራዬን፤ ኮርኒስ።"

"ኮርኒስ?" ብለው መነጽራቸውን አወለቁ። "ወንድምህን እዚህ ወንበር ላይ አስቀምጬ ነግሬው የለም እንዴ? ከባድ እንዳያነሣ፣ እጁን ከትከሻው በላይ እንዳይሰቅል፣ ቶሎ ይዘኸው ና ብዬ ሁለቴ ደገምኩለት እኮ!"

"ዶክተር፣ ከሌላ በሽተኛ ጋር ተምታትቶብዎት ይሆናል" አልኳቸው። እግዜር ያሳያችሁ፣ ያኔም ለእሱ ነው የተከራከርኩት።

"ፍንጭት ጥርስ ያለው፣ ሳቂታ ልጅ አይደለም? አጠር ያለ?"

ራሱ ታምራት ነበር። ብዙነሽ "ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ" አለችና ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

ከዚያ ዶክተሩ ከመጀመሪያው ሊነገረኝ የሚገባውን በትዕግሥት አስረዱኝ። ክንድን የሚያነሣው ጡንቻ ከአጥንቱ ጋር የሚያያዘው በጅማት ነው። ስንጠለጠል የእኔ ጅማት ግማሹ ተቀድዷል። "ግማሹ የተበጠሰ ገመድ ላይ ዕቃ ብትሰቅልበት ምን ይሆናል?" አሉኝ። ያኔ ቢሆን በእረፍትና በእንቅስቃሴ ሕክምና የመዳን ጥሩ ዕድል ነበረው። አሁን ግን ሙሉ በሙሉ ሳይበጠስ አልቀረም፣ ኦፕራሲዮን ያስፈልገዋል አሉ።

ከዚያ ቀጥታ ወደ ሕንፃው ሄድን። ታምራት በሩ ላይ ቆሞ ሻይ ይጠጣል። ሲያየን ሳቀ።

"ዶክተሩ ምን ነበር ያሉህ?" አልኩት።

ብዙነሽን አየ፣ ከዚያ መሬት መሬት ማየት ጀመረ። "እንዳትደነግጥ ብዬ ነው" አለ። "ለቅሶ ላይ ነበርክ። በለቅሶ ላይ ሌላ መርዶ ልጨምርብህ?"

ይኼን እንኳ እረዳው ነበር። እኛ አገር ክፉ ወሬ ለበሽተኛው አይነገርም፤ እኔም ለእናቴ ደብቄ አውቃለሁ።

"ከለቅሶ ከተመለስኩ በኋላስ?"

"የሕንፃው ባለቤቶች ሥራውን ሊነጥቁን ነበር። ዋናው ባለሙያ ከሌለ ለሌላ እንሰጣለን ብለውኛል። ትንሽ ብትታገሥ ያልቅ ነበር። ለሁለታችን ብዬ ነው።"

"በማን ትከሻ ነው ለሁለታችን?"

የሻይ ብርጭቆውን መሬት ላይ አስቀመጠ።

"ጌታን እኮ በውሸት አስመሰገንከኝ! አሜን አስባልከኝ!"

"እሱን ጌታ ይቅር ይለኛል" አለኝ። ደሜ ፈላ። ብዙነሽ ባትይዘኝ በደህናው እጄ አንድ ነገር አደርግ ነበር።

የባሰው ገና ነው። እኔ ሐኪም ቤት በገባሁ በሳምንቱ ታምራት ከሳሪስ ሌላ ባለሙያ አምጥቶ ሥራውን ጨረሰው። ማንም አልነጠቀውም። ሰው ይገኝ ነበር ማለት ነው! ይኼን ስሰማ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ሕፃን ያለቀስኩት።

ኦፕራሲዮኑ ደህና ሆነ፤ መንገዱ ግን ረጅም ነበር። እጄን ባንገቴ አንጠልጥዬ፣ በትራስ ተደግፌ ቁጭ እንዳልኩ እተኛ ነበር። ፊዚዮቴራፒ የምትሠራልኝ ልጅ መጀመሪያ ጠረጴዛ ላይ ደገፍ ብዬ እጄን ዝም ብዬ እንዳወዛውዝ አደረገችኝ። በኋላ ጣቶቼን ግድግዳው ላይ ቀስ በቀስ ወደ ላይ ማስወጣት መጣ። ሲዘረጋ የሚያመው ሕመምና ሲጎዳ የሚያመው ሕመም ይለያያሉ፣ የመጀመሪያውን ታገሠው፣ በሁለተኛው ግን ወዲያው አቁም ትለኛለች። እኔ በቅባት እያሸሁ የዋጥኩት ሁሉ ሁለተኛው እንደነበር ያኔ ገባኝ። አንዳንድ ቀን ተናድጄ አልሠራም እላለሁ። ብዙነሽ "ታምራት ደስ እንዲለው ነው?" ትለኛለች። ተነሥቼ እሠራለሁ። ብዙ ወር ፈጀ፣ ግን ሸሚዜን ራሴ ለበስኩ። አሁን ግድግዳና ክፍልፋይ እሠራለሁ። ኮርኒስ እንደ ድሮው ቀኑን ሙሉ አልችልም።

የቸርቻችን ሽማግሌዎች አስታረቁን። ታምራት አለቀሰ፣ እኔም "ይቅር ብዬሃለሁ" አልኩ። ቃሉ ከአፌ ወጥቷል። ከልቤ መውጣቱን ግን እስከ ዛሬ አላውቅም።

ባለፈው ጥር ሀና ማርያም ሠርግ ተጠርቼ ሄድኩ። ታምራት ከሩቅ አየኝና ሳቅ ብሎ በሰው መሀል መጣ። የድሮ ሰላምታችንን ሊሰጠኝ ትከሻውን ወደ ትከሻዬ አስጠጋ። ጠረጴዛው ላይ ያለው ሰው ሁሉ ያየናል። ሳላስበው ወደ ኋላ ሸሸሁና ግራ እጄን ዘረጋሁለት።

እሱ ግን አፍ መቼ ያጣል! ወደ ሰዎቹ ዞረና "ትከሻውን ያመዋል እኮ፣ ኦፕራሲዮን ተደርጎ ነው" አላቸው። አንዲት እናት ከንፈራቸውን መጠጡልኝ፣ "ጌታ ይፈውስህ ልጄ" አሉኝ።

እንዲህ ነው፣ ስለ ትከሻዬ ለሁለተኛ ጊዜ ዋሸ። በዚህኛው እኔም ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ሰው ልበ ደረቅ ነህ ይለኛል፣ ይበለኝ። ያን ቀን ትከሻዬ ምንም አላመመኝም ነበር።