የሰማዩ ታንኳ ሰዎች

ኪሮሿ ትገባለች፣ ክሩን ትይዛለች፣ ትወጣለች። ወለላ እጇን አታይም፤ ጣቶቿ መንገዱን ያውቁታል። ዓይኖቿ ከአጥሩ ባሻገር፣ ውሃው የት አልቆ ሰማዩ የት እንደሚጀምር በማይለይበት የጣና ዳር ናቸው። ጭኗ ላይ የተዘረጋው ነጭ ዳንቴል የቀበሌው ቴሌቪዥን ልብስ ነው። ሊቀመንበሩ ዳኘው «የሕዝብ ንብረት አቧራ መጠጣት የለበትም» ብሎ የሴቶቹን ማኅበር አዘዘ፤ ማኅበሩም የእጇን ሙያ ያውቃልና ለወለላ ሰጣት። ቀን ቀን ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ውስጥ የተበጠሰ ፈትል ስትቀጥል ትውላለች፤ አመሻሽ ላይ ደጃፏ ተቀምጣ ይህን ትሠራለች።

ሰባት አበባ አወጣችበት። ለምን ሰባት ሆነ ብሎ የጠየቃት የለም። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

ሰባቱ የሰማይ መንገደኞች ናቸው። በዚያን ዓመት ቅዳሜ ቅዳሜ ፀሐይ ስትጠልቅ በቀበሌው አዳራሽ አንድ የውጭ አገር ተከታታይ ፊልም ይታይ ነበር። ከአገራቸው የራቁ ሰባት ሰዎች በአንዲት መርከብ ከኮከብ ወደ ኮከብ እየቀዘፉ የቤታቸውን መንገድ ይፈልጋሉ። ንግግሩ እንግሊዝኛ ነው። ከአዳራሹ ሰው ቋንቋውን እሰማለሁ የሚል የፋብሪካው መካኒክ አንዳርጋቸው ብቻ ነበር። እሱም የተማረው ከማሽን መመሪያ ላይ ስለሆነ፣ ሰዎቹ ሲዋደዱም ሲጣሉም የሚተረጉመው እንደ ማሽን ነው። ሰውየው ሴትዮዋን እያየ እንባው ሲወርድ፣ «ግፊቱ ጨምሯል እያላት ነው» ይላል። አዳራሹም «እውነቱን ነው፣ ጨምሮበታል!» ብሎ ይቀበላል።

የሰዎቹ ስም ለአፍ ስላስቸገረ ሌላ ስም ወጣላቸው። ፀጉራቸው የሸበተው የመርከቧ አለቃ አረማመዳቸው ኩሩ ስለሆነ ባላምባራስ ተባሉ። ዳኘው ጠረጴዛ መታ። «በዚህ አዳራሽ የፊውዳል ማዕረግ አይጠራም! ጓድ በሏቸው!» ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ ጓድ ባላምባራስ ሆኑ። ፈጽሞ የማይስቀው፣ ጆሮው እንደ ቅጠል የሾለው ፍጡር ኮስትሬ ተባለ። መርከቧን የሚነዳውን ጎልማሳ ስም ያወጣለት የወለላ ባል ቢያዝን ነው። የባለሱቋን የጎረቤታቸውን የአስያን ወንድም ሙሔን ቁርጥ ስለሆነ በእሱ ስም ሙሔ አለው።

ቢያዝን የፋብሪካውን ጥጥ በከባድ መኪና የሚያመላልስ ሾፌር ነበር። ሙሔን ቢወደውም አይምረውም። «እዩት፣ በአንድ እጁ ነው መሪ የሚይዘው! የዱርቤቴን መንገድ በክረምት ቢያየው ጉዱ ይፈላ ነበር» ይላል። ወለላ ደግሞ የሚያሳስባት ሌላ ነው። እሷ የተወለደችው ታንኳ ሠሪዎች ቤት ነው፤ የደንገል ታንኳ ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል፣ ዳር ላይ አቁመው ካላደረቁት ይሰምጣል።

«ጋሼ አንዳርጋቸው፣ እነዚህ ሰዎች ታንኳቸውን መቼ ነው የሚያደርቁት?»

«ብረት ነው እኮ ወለላ። ደግሞ ሰማይ ላይ ምን እርጥበት አለ?»

«ደመናውሳ?»

አዳራሹ ሁሉ ተጨነቀ። ከዚያ በኋላ መርከቧ ባዘነበለች ቁጥር «ውሃ ጠጣች! ውሃ ጠጣች!» የሚል ጩኸት ይነሣ ነበር።

ክረምቱ ሲወጣ ከየፋብሪካው ሾፌሮች ተመርጠው ለሰሜን ጦር ስንቅ እንዲያመላልሱ ታዘዙ። ቢያዝንም ተጠራ። ፊልሙ ሊያልቅ ሦስት ቅዳሜ ቀርቶት ነበር። መኪናው ላይ ከወጣ በኋላ በመስኮቱ ጎንበስ አለላት።

«ወለላዬ፣ መጨረሻውን ይዘሽ ጠብቂኝ። ሙሔ ቤታቸው አገባቸው፣ አላገባቸው፣ አንቺ ነሽ የምትነግሪኝ።»

«እነግርሃለሁ።»

«እንዳትዋሺኝ ደግሞ።»

የሾፌር ቤት ደንብ አለው። መንገደኛ በዓይን ሳይታይ ደረሰ አይባልም። ሳይገባ ገባ ካሉት፣ ምላስ ቀድማ መንገዱን ትዘጋበታለች ይላሉ። ወለላ በሃያ ዓመት ትዳሯ ይህን ደንብ አንድ ቀን ጥሳው አታውቅም።

የመጨረሻዋ ቅዳሜ መጣች። ወለላ ነጠላዋን አጥባ፣ ከፊት ወንበር ለመያዝ ገና ፀሐይ ሳትበርድ ወጣች። አዳራሹ በር ላይ ማስታወቂያ ተለጥፏል። በመሠረተ ትምህርት በዚያው አዳራሽ ፊደል ከቆጠረች ሁለት ዓመቷ ነው፤ እያንዳንዷን ፊደል እንደ ክር እየሳበች አነበበችው። አስቸኳይ ስብሰባ ይላል። ስም ይጠራል፣ የቀረ የስኳር ኮታውን ያጣል።

ተሰበሰቡ። ዳኘው ስለ ምርት ኮታ ማንበብ ጀመረ። ከጀርባው፣ ከፍ ባለው ጠረጴዛ ላይ ቴሌቪዥኑ የወለላን ዳንቴል ለብሶ ተቀምጧል። መቶ ሰው ኮታውን ትቶ ሰባቱን አበባ ያያል። ወለላ ዳንቴሉን አቧራ እንዳያስገባ ብላ እጅግ አጥብቃ ሠርታው ነበር፤ አሁን ቆጫት። ከጨርቁ ሥር፣ ከጠፋው መስታወት ሥር፣ ሰባቱ የሚያያቸው ሳይኖር ሲቀዝፉ ይታያት ጀመር።

አስያ ወደ ጆሮዋ ተጠጋች። «ይኼኔ እየደረሱ ነው።»

«ዝም በይ አስዬ! ደረሱ አይባልም።»

አንዳርጋቸው እጁን አወጣ። «ጓድ ሊቀመንበር፣ ድምፁ ጠፍቶ ምስሉ ብቻ ቢከፈት ስብሰባውን አይረብሽም ባይ ነኝ።»

«ጓድ አንዳርጋቸው፣ ሰማይ ላይ ያሉትን ትተን ምድር ላይ ባለነው እንወያይ!»

ነገር ግን ዳኘው ራሱ ሁለት ጊዜ ሰዓቱን ሲያይ ወለላ አይታዋለች። ስብሰባው ሲያበቃ ሰው ተንጋግቶ ዳንቴሉን ገልጦ ቴሌቪዥኑን ከፈተ። ዜና አንባቢ ብቅ አለ። ፊልሙ አልቋል። ዳኘው ወረቀቱን አጣጥፎ ወደ አንዳርጋቸው ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ባላምባራስሳ?» ብሎ ጠየቀ። አንዳርጋቸው ራሱን ነቀነቀ።

ከወር በኋላ የቢያዝን ደብዳቤ መጣ። አስያ «ላንብብልሽ?» ብትላት እንቢ አለች። ደጃፏ ተቀምጣ፣ ሌባ ጣቷን ከመስመሩ ሥር እየጎተተች ራሷ አነበበች። «እኔ ደህና ነኝ። መንገዱ አቧራ ነው። ሙሔ አገባቸው ወይ? መሪውን በሁለት እጁ ያዘ? ጻፊልኝ።» ይኸው ነው።

ምን ብላ ትጻፍ? አላየሁም ብትለው፣ እዚያ አቧራ ውስጥ የሚጠብቀው አንድ ነገር ሊቀርበት ነው። ደረሱ ብትል ደንብ መጣስ ነው፣ መዋሸትም ነው። ስለዚህ ያየ ሰው ፍለጋ ወጣች። በዚያች የመጨረሻ ቅዳሜ ከተማው ሁሉ ስብሰባ ላይ ነበር። እስከ ፔዳ ሰፈር ድረስ በእግሯ ሄዳ ጠየቀች። በመጨረሻ በሐይቁ ዳር ያለ የእንግዳ ማረፊያ አትክልተኛ፣ አለበል የሚባል፣ አየሁ አለ።

«አበባ ሳጠጣ በመስኮት አየሁ፣ እትዬ። ድምፅ አልሰማሁም።»

«ምን አየህ?»

«ያ የማይስቀው፣ ጆሮ ሹሉ፣ ሳቀ።»

ወለላ አጥሩን ያዘች። «ኮስትሬ? ለምን ሳቀ?»

«እሱን አላወቅሁም። ከዚያማ ውስጥ ያሉት መጋረጃውን ሳቡት።»

መንገዱን ሁሉ ይህን እያሰበች ተመለሰች። ሰው ቤቱ ሲደርስ ይስቃል። ሰው ተስፋ ሲቆርጥም አንዳንዴ ይስቃል። ሰባት ቀን ፈጅታ፣ በራሷ እጅ፣ እንዲህ ብላ ጻፈች። «ኮስትሬ ሳቀ። ሌላውን ስትመጣ አብረን እንጠይቃለን። መሪህን በሁለት እጅህ ያዝ።»

ለዚያ ደብዳቤ መልስ አልመጣም። አንድ ክረምት አለፈ፤ ሁለተኛውም አለፈ።

በፊልሙ ቦታ ሌላ ነገር ገባ፣ ሰውም ቅዳሜ ቅዳሜ ከአዳራሹ ቀረ። ግን ልማድ ነውና፣ ያቺ ሰዓት ስትደርስ እነ አስያና አንዳርጋቸው ወለላ ደጃፍ ይሰበሰባሉ። ሐይቁ ላይ ብርሃኑ ሲደበዝዝ ሩቅ ያለው ታንኳ ውሃውን ለቆ አየር ላይ የተንሳፈፈ ይመስላል። ስለ ሰባቱ ያወራሉ፣ ሰፈር ለቀው ስለሄዱ ጎረቤቶች እንደሚወራ።

«የመርከቧ ሐኪም አግብታ ይሆን?»

«ማንን? ኮስትሬን?»

«ምን አለበት፣ ጆሮው እንደሆነ በፀጉር ለመሸፈን አያስቸግርም!»

ይስቃሉ። ናፍቀዋቸዋል።

አንድ ቅዳሜ አንዳርጋቸው እያለከለከ መጣ።

«ጉድ ሆነናል! ባላምባራስ ሌባ ሆኑ!»

«ምን?» አለች አስያ።

«አሁን፣ በአዳራሹ፣ ሌላ ፊልም ላይ። እሳቸው ራሳቸው! ሽበታቸውን ጥቁር ቀብተው፣ ባንክ ሲዘርፉ በዓይኔ አየሁ!»

«ቸግሯቸው ነዋ!» አለች አስያ፤ «ያን ሁሉ ዓመት ሰማይ ላይ ሲንከራተቱ ማን ደመወዝ ከፈላቸው?»

ወለላ ኪሮሿን አስቀመጠች። «ጋሼ አንዳርጋቸው፣ የት ሆነው ነው የሰረቁት?»

«ከተማ ውስጥ።»

«በእግራቸው ይሄዳሉ?»

«ይሮጣሉ እንጂ! ፖሊስ እያባረራቸው።»

«እንግዲያው» አለች ቀስ ብላ፣ «መሬት ላይ ናቸው።»

አንዳርጋቸው አፉን ከፈተ። ተዋናይ ማለት ዛሬ አለቃ፣ ነገ ሌባ የሚሆን ሰው መሆኑን፣ ያ ፊልም ከመርከቢቱም በፊት የተሠራ ሊሆን እንደሚችል ሊነግራት ነበር። የአስያ እግር በእግሩ ላይ አረፈ፣ ጠበቅም አደረገችው። አንዳርጋቸው ወለላን አያት። ፊቷ ላይ ከሐይቁ የመጣ ብርሃን ነበር።

«አዎ» አላት። «ጫማቸው አፈር ነክቶት ነበር።»

«ባላምባራስ ሾፌራቸውን ሰማይ ላይ ጥለው የሚወርዱ ሰው አይደሉም» አለች ወለላ። ሆኖም ደረሰ አላለችም። ሙሔን በዓይን ያየው የለምና።

ቴሌቪዥኑ በኋላ ተበላሽቶ ዳንቴሉ ለእሷ ተመለሰላት። ቢጫ ሆኗል። ሐይቁ ዳር አጥባ፣ ሊደርቁ ከቆሙት ታንኳዎች ጎን ሣሩ ላይ ስታሰጣው ሰባቱን አበባ አንድ በአንድ በጣቷ ትነካለች። አምስተኛው፣ የሙሔ አበባ ላይ ትቆያለች።

እንግዲህ ይህን ያነበባችሁ ሁሉ፣ አደራ። ከሁለቱ ሾፌሮች አንዱን፣ በፊልምም ሆነ በመንገድ ላይ፣ ያያችሁ እንደሆነ መጀመሪያ እግሩን እዩ። መሬት ከረገጠ ሮጣችሁ ወለላ ደጃፍ ድረሱ፤ በሯ ክፍት ነው። የሰማችሁት ሌላ ነገር ከሆነ ግን በቀጥታ እሷ ዘንድ አትሂዱ። የአገራችን የመርዶ ደንብ እንደሚያዘው፣ ቀድማችሁ ከአስያ ሱቅ ግቡ። ጎረቤት የምትሰበስበው እሷ ናት።