«እየተደረገላት ይገኛል»

ሥራ የጀመርኩ ቀን የተሰጠኝ ክፍል የስፖርት ዕቃ ማስቀመጫ ነበር። ኳሶቹና መረቡ ገና አልወጡም። በሩ ላይ ግን «የተማሪዎች ድጋፍ አገልግሎት» የሚል ጽሑፍ አስቀድሞ ተለጥፏል። ቦታው ከምኒልክ አደባባይ ትንሽ ወረድ ብሎ ያለ የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። ስሙን አልጠራም፤ እናንተ የሠራችሁበትን ስም ብታስገቡበትም ብዙ አትሳሳቱም።

ሥራውን ያስረከቡኝ አቶ በየነ ጡረታ ሊወጡ ሁለት ሳምንት ቀርቷቸው ነበር። የክፍሉን ቁልፍና ሦስት ቦክስ ፋይል ሰጡኝ፤ ከዚያ የሩብ ዓመት ሪፖርት አጻጻፍ ያስተምሩኝ ጀመር።

«‹አልተሠራም› የሚል ቃል እዚህ ቤት የለም» አሉኝ።

«ካልተሠራስ?»

«‹እየተሠራ ይገኛል› ትያለሽ። ልጄ፣ አንዴ ይገኛል ካልሽ ማንም አይፈልገውም።»

ሳቅኩ። አራዳ ተወልደው አራዳ ያረጁ ሰው ናቸው፤ ቃል አታመልጣቸውም። ቀልድ መስሎኝ ነበር፤ ለካ የሥራ መመሪያ ኖሯል።

ሥራው ወረቀት ላይ ሲታይ ደስ ይላል። ቁርስና ምሳ የሚመገቡትን ልጆች መመዝገብ፣ ደብተርና ዩኒፎርም ማደል፣ የሚቀሩትን ልጆች ወላጅ መጥራት፣ ማየት ወይም መስማት የሚቸግራቸውን ለይቶ የሚያስፈልጋቸውን ማሟላት፣ የከፋቸውን ማነጋገር። ይህ ሁሉ ለአንድ ሰው። ተማሪዎቹ ክፍሌን «ጋራዥ» ይሏት ነበር። መምህር ያስመረረ ልጅ ወደኔ ሲላክ ጓደኞቹ «ጋራዥ ገባ» እያሉ ይስቁበታል። ስሙ አልከፋኝም። ጋራዥ የገባ መኪና ቢያንስ ኮፈኑ ይከፈታል።

ምገባው እውነት ነበር፤ እሱን አልክድም። ጠዋት ሰልፍ ላይ ራሱን እያዞረው የሚወድቅ ልጅ ቀርቷል። ከዚያ ውጭ ያለው ግን ብዙው የወረቀት ሥራ ነው።

በየሩብ ዓመቱ ከበላይ መሥሪያ ቤታችን «የድጋፍና ክትትል ቡድን» ይመጣ ነበር። ድጋፉን አንድም ቀን አላየሁትም፤ ክትትሉ ግን ሰዓት አያዛንፍም። ቼክሊስት ይዘው ይገባሉ። ልጅ አይጠይቁም፣ ቃለ ጉባኤ ይጠይቃሉ። ነገ ይመጣሉ የተባለ ዕለት ያልተሰበሰብነውን ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ስንጽፍ እንውላለን። በአንድ ቀን የተጻፈ እንዳይመስል እስክሪብቶ እንቀያይር ነበር። አሁን ያሳፍረኛል። ያኔ ግን ብልጠት መስሎኝ ነበር።

ፌቨን ወደኔ የተላከችው ሥራውን ከያዝኩ ብዙ ዓመት ካለፈ በኋላ፣ ሰባተኛ ክፍል ሳለች ነው። የሂሳብ መምህሯ ክስ «ከጓደኛዋ ትገለብጣለች» የሚል ነበር። ደብተሯን ገለጥኩት። እውነት ነው፣ ትገለብጣለች፤ የምትገለብጠው ግን ጓደኛዋ ከሰሌዳ የጻፈችውን ማስታወሻ ነው።

«ሰሌዳው አይታይሽም?»

«ነጭ ነገር እንዳለ ይታየኛል፣ ቲቸር።»

ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የምገባ ዝርዝር አንብቢ አልኳት። አፍንጫዋ ወረቀቱን ሊነካ ሲል ማንበብ ጀመረች። ከዚያ አንድ የሂሳብ ጥያቄ በቃል ሰጠኋት። እኔ ወረቀት ስፈልግ እሷ መልሱን ነገረችኝ።

አባቷን አስጠራሁ። አቶ ኃይሉ ፒያሳ አንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ሰዓት ይሠራሉ። የሐኪም ወረቀት በፕላስቲክ ጠቅልለው ይዘው መጡ።

«መነፅር የሚያስተካክለው ዓይነት አይደለም ብሎናል ሐኪሙ። በትልቁ ተጽፎ ይሰጣት ነው ያለው። ሰዓት ስሠራ ዓይኔ ላይ የምሰካት ማጉያ አለች፤ ቤት በሷ ነው የምታነበው። እዚህ እርስዎ አይጠፉባት፣ መምህርት።»

«ይተዉት ለኔ» አልኳቸው።

ፊተኛው ወንበር ላይ አስቀመጥኳት። ማስታወሻዎቿን በትልቁ ላባዛላት ፎቶኮፒ ክፍል ሄድኩ፤ ቀለም የለም ተባልኩ። መምህራኑን ለመንኩ። ሁለቱ ለጥቂት ሳምንት በትልቁ ጻፉላት፤ ሌሎቹ ረሱ። እኔም ረሳሁ።

ሪፖርት ስጽፍ ግን አልረሳኋትም። «የማየት ችግር ያለባቸው ተማሪዎች ተለይተው አስፈላጊው ድጋፍና ክትትል እየተደረገላቸው ይገኛል» ብዬ ጻፍኩ። ስሟን ከአባሪው ዝርዝር አስገባሁ፣ ፈረምኩ። በሚቀጥለው ሩብ ዓመትም ያንኑ። አራት ጊዜ ስጽፈው የቀየርኩት ቀኑን ብቻ ነው።

ስምንተኛ ክፍል ደረሰችና የፈተና ምዝገባ መጣ። ማየት ለሚቸግራቸው በትልቅ ፊደል የታተመ ፈተናና ተጨማሪ ሰዓት ይፈቀዳል፤ ፈቃዱ ግን ከበላይ በደብዳቤ መምጣት አለበት። ማመልከቻውንና የሐኪሙን ወረቀት ይዤ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል በእግሬ ወረድኩ። ደስ ብሎኝ ነበር። አንድ የሚጨበጥ ሥራ ልሠራ ነው።

ጉዳዩን የያዘው ባለሙያ ዳዊት የሚባል ወጣት ነው። ሰው አክባሪ ነው፤ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ። ወረቀቱን አነበበና ፋይል አወጣ።

«ወይዘሮ ሰናይት፣ ይህች ልጅ እኮ ድጋፍ እየተደረገላት ነው።»

«ማን አለ?»

ሪፖርቱን አዙሮ አሳየኝ። «ፊርማው የእርስዎ አይደለም?»

«የኔ ነው።»

«እኛ የምንፈቅደው ድጋፍ ላላገኙት ነው። በዚህ መሠረት የእናንተ ትምህርት ቤት ምንም ክፍተት የለበትም።»

«ልጅቷ አታይም፣ ዳዊት!»

ፋይሉን ዘጋው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሪፖርቱ ትክክል አልነበረም ብለው በፊርማዎ ይጻፉልኝ። የዚያኑ ዕለት አስፈቅጄ እሰጥዎታለሁ። ምዝገባው የሚዘጋው ዓርብ ነው» አለኝ።

ማክሰኞ ነበር። ተመልሼ ለርዕሰ መምህራችን ለአቶ ግርማ ነገርኳቸው።

«ሞዴል ትምህርት ቤት የተባልንበት ሰርተፍኬት ገና ግድግዳ ላይ ሳይሰቀል፣ አራት ሪፖርት ውሸት ነው ልትይልኝ ነው? ማን ፈረመው? አንቺ። ማን አጸደቀው? እኔ።»

«ልጅቷስ?»

«ጎበዝ ናት እያልሽ አይደል? ታልፋለቻ!»

ያን ደብዳቤ ሦስት ቀን ጻፍኩት፣ ሦስት ቀን ቀደድኩት። ጡረታዬ ቀርቦ ነበር። በዚህ ዕድሜዬ ዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት መቆም ፈራሁ። ሌላ ምክንያት አልነበረኝም፤ አሁንም አልፈልግለትም። ዓርብ ዕለት የላክሁት «ከዚህ ቀደም እየተደረገላት ካለው ድጋፍ በተጨማሪ» ብሎ የሚጀምር ለስላሳ ደብዳቤ ነው። ዳዊት ለስላሳ ደብዳቤ አልጠየቀኝም። መልስ ሳይመጣ ምዝገባው ተዘጋ።

የፈተናው ዕለት ግቢ ውስጥ ተማሪ ከሚያሰልፉት አንዷ ነበርኩ። ፌቨን የአባቷን ማጉያ ይዛ ገባች። ፈታኙ ከሌላ ትምህርት ቤት የመጣ ሰው ነው፤ ማጉያውን ይዞ ወደ በሩ መጥቶ አሳየኝ።

«ይህን ለመያዝ የፈቃድ ደብዳቤ አላት?»

«የላትም። ግን ያለሱ ማንበብ አትችልም።»

«እኔ ምን ላድርግ? ያልተፈቀደ ዕቃ ነው።»

በደንቡ ልክ ነበር። ማጉያውን በወረቀት ጠቅልሎ ለኔ ሰጠኝ፤ ፈተናው እስኪያልቅ ኪሴ ውስጥ ይዤው ቆምኩ።

ስትወጣ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። አላለቀሰችም።

«ቲቸር፣ ሂሳቡን እችለው ነበር። የመልስ ወረቀቱ ላይ ግን ክቦቹ ጠፉብኝ። መስመር ስቼ ሳላጠቁር አልቀረሁም።»

ውጤት ሲመጣ አላለፈችም። አቶ ኃይሉ የመጡት በማግሥቱ ነው። ይጮኹብኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር። ሪፖርቱንና ደብዳቤውን፣ አንድም ሳልደብቅ ነገርኳቸው። ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«እኔ ያልሠራሁትን ሰዓት ተሠርቷል ብዬ ለባለቤቱ አልሰጥም» አሉ። «እንዲያ ካልኩት ሌላ ሠሪ ጋ እንዳይሄድ ከለከልኩት ማለት ነው። እርስዎ አልቻልኩም ቢሉኝ ኖሮ፣ መምህርት፣ እኔ በየበሩ እዞርላት ነበር። ይተዉት ለኔ ስላሉኝ እኮ ነው የተቀመጥኩት።»



ፌቨን በሚቀጥለው ዓመት አልተመዘገበችም። ቤታቸው ወደ ከተማው ዳር ተነሥቷልና እዚያው ትማራለች ተባለ፤ መልቀቂያዋን የጻፍኩት እኔ ነኝ። እዚያ መግባት አለመግባቷን ጠይቄ አላውቅም። መልሱን ፈርቼ ነው።

በዚያ ሩብ ዓመት ሪፖርት ላይ «ለተማሪ ፌቨን ኃይሉ የተደረገ ድጋፍ የለም» ብዬ ጻፍኩ። «ቅርጹን አልጠበቀም» ተብሎ ተመለሰልኝ። አቶ ግርማ በሌላ ሰው አስጻፉት። ማንም አልከሰሰኝም፣ ኮሚቴም አልጠራኝም። ያን ያህል የፈራሁት ነገር ይኸው ነበር።

አሁን በዚህ ሥራ ላይ ላላችሁ የምለው አንድ ነው። ያልሠራችሁትን አልሠራንም ብላችሁ ጻፉ። ያኔ ሌላ ሰው ሊሠራው ይችላል።