እንዝርቴ ሲቆም

በ1974 ዓ.ም. በጋው ሊያበቃ ሲል፣ በዐቢይ ጾም፣ ትልቋ ልጄ ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ትዘጋጅ ነበር። የምንኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ባለፈው ዓመት እንግሊዝኛ ጥሏታል። ዘንድሮም ከጣላት አስተማሪ የመሆን ምኞቷ አበቃለት።

የቀበሌ ስብሰባ በሌለ ቀን ከሰዓት በኋላ ደጃፋችን ላይ ፀሐይ እንሞቃለን። እኔ የበግ ጸጉር እፈትላለሁ፤ እርሷ አስተማሪዋ በቀይ ያረሙትን ደብተር ጮክ ብላ ታነባለች።

«ዘ ሆርስ ኢዝ ኤ ዩዝፉል አኒማል።»

«ምን ማለት ነው?»

«ፈረስ ጠቃሚ እንስሳ ነው።»

«የማን ፈረስ?»

«የማንም አይደለም፣ እማዬ። የፈረስ ዘር በሙሉ። ‹ኤ ሆርስ› ቢባልም ያው ነው፤ ‹ሆርስስ› ብሎ ማብዛትም ይቻላል። ባዶውን ‹ሆርስ› ማለት ግን አይሆንም። እኔ ደግሞ እንደ አማርኛው ባዶውን እለዋለሁ። የጣለኝ እሱ ነው።»

እንግሊዝኛ አላውቅም። አባቴ ግን አንኮበር የዜማ መምህር ነበሩ። ተማሪ በቃሉ ሲል ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ። አንዲት ድምፅ ከጎደለች መቋሚያቸውን መሬት ላይ መታ ያደርጋሉ። ምን እንደጎደለ አይነግሩትም፤ ራሱ ፈልጎ ያገኛታል።

ዓረፍተ ነገሮቿን በጆሮዬ ያዝኳቸው። በማግስቱ ደብተሩን አስዘጋኋት። «ሆርስ ኢዝ» ስትል እንዝርቴን አቆምኩ።

«ምነው?»

«ጎደለ።»

«እማዬ! እንግሊዝኛ ጀመርሽ እንዴ?» በሳቅ ሞተች።

«አልጀመርኩም። ትናንት ያልሽውን ግን አውቃለሁ። ከላይ ጀምሪ።»

ከፈረስ ወደ ላም፣ ከላም ወደ ውሻ ሄድን። ሰንበት እስኪደርስ፣ እንዝርቱ ሲቆም ቀና እንኳ ሳትል ራሷን ታርም ጀመረች። አንዳንዴም ሳይቆም።

የፈተናው ቀን ደረሰ። ስትመለስ ገና ከበሩ ጀምራ ተጣራች።

«እማዬ፣ ስለ ዝሆን ጠየቁ! ባዶውን መርጬ ነበር። እንዝርትሽ የቆመ መሰለኝና በላጲስ አጠፋሁት።»

«ተመስገን» አልኩ።

ውጤቱ ገና ወራት ይቀረዋል። በማግስቱ ጧት ቤተ ክርስቲያን ተሳልሜ ተመለስኩ፤ ለገበያ ያስቀመጥኩትን ጸጉር ከጆንያው አወጣሁ፤ ወደ መምህራን ማሠልጠኛ ይዛው ለምትሄደው ብርድ ልብስ መፍተል ጀመርኩ።