የግራ ጆሮዬ ጥፋተኛ

ግራ ጆሮዬ አይሰማም። ይህን ስናገር የሚያዝንልኝ ሰው አይጠፋም፤ እኔም ሐዘኑን በደስታ እቀበላለሁ። የጆሮዬን ታሪክ ከነሥሩ ያወቀ ሰው ግን ከማዘን ይልቅ ሊቆጣ ስለሚችል እስከ ዛሬ አሳጥሬ ነበር የማወራው። አሁን ግን ሸምግያለሁ፤ የሚቆጣኝም ሰው ቀንሷል።

ነገሩ የጀመረው በጃንሆይ ዘመን፣ ከኮልፌ አሥራ ስምንት ማዞሪያ ወደ ቀራንዮ ሲኬድ መንገድ ዳር በነበረችው ቤታችን ነው። አሥር ዓመቴ ነበር። ጆሮዬን ሲያሳክከኝ ከተሰበረ ጃንጥላ ላይ አንድ ሽቦ ነቀልኩና መጎርጎር ጀመርኩ። የጆሮ ኩክ እየተጠረገ ሲወጣ የሚሰጠውን ደስታ የሞከረው ያውቀዋል። በሦስተኛው ቀን ግን አጠገቤ የነበረች ዶሮ ድንገት ብር ስትል ደነገጥኩና ሽቦው መግባት ከሚገባው በላይ ገባ። ውስጤ የሆነ ነገር ጧ አለ። ራሴን አዞረኝ፤ ትንሽ ደምም መጣ። ሽቦውን ጣሪያው ሥር ሸጉጬ፣ ማንም ሳያየኝ ፊቴን ታጥቤ ተቀመጥኩ።

በማግስቱ ቀኝ ጎኔን ተጋድሜ ሳለ እናቴ ከጓሮ ሦስት ጊዜ ጠራችኝ። አልሰማሁም። አባቴ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን የምታሳድገኝ ሴት ናት፤ አንድ ልጇ እየሰማ ዝም ያላት መሰላትና መጥታ ግራ ፊቴን በጥፊ አለችኝ። ወዲያው ከጆሮዬ ደም የቀላቀለ ፈሳሽ ወረደ። የመታችኝ ስላልሰማሁ ነበር፤ እሷ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ የማልሰማው ስለመታችኝ እንደሆነ አመነች። እኔም አላረምኳትም።

መጀመሪያ ያላረምኳት ፈርቼ ነው። ቆይቶ ግን ነገሩ ጥቅም እንዳለው ገባኝ። ከቦኖ ውሃ መቅዳት ቀረልኝ። በበዓል የዶሮው ፈረሰኛ፣ አባወራ የሌለበት ቤት በመሆኑ ባለቤት አጥቶ የነበረው፣ ለእኔ ተመደበ። ሒሳብ ስወድቅ እናቴ ለጎረቤት ሁሉ «ልጁ እኮ አይሰማም» ትላለች፤ ሒሳብ የሚሠራው ሰሌዳ ላይ መሆኑን ያስታወሳት ሰው አልነበረም። በየወሩ በሃያ ሰባት ግን ቀራንዮ መድኃኔ ዓለም ትሄድና «በገዛ እጄ ልጄን» እያለች ታለቅስ ነበር። አጠገቧ ቆሜ እሰማታለሁ፤ በዚያ በኩል ያለው ጆሮዬ ደህና ነው። አፍር ነበር፣ በጣም አፍር ነበር። ቤት ስንመለስ ግን ማፈሬን የሚያስረሳ ነገር ይቀርብልኛል።

እንዲህ እንዲህ እያልኩ ሃያ ዓመት ሞላኝ፤ አንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆኜም ተቀጠርኩ። በዚያው ክረምት ጆሮዬ ከወትሮው ብሶ አበጠ፤ መግል ያወርድ ጀመር፤ ሽታውም ከእኔ ቀድሞ ቢሮ የሚገባ ሆነ። አለቃዬ ምንም ሳይናገሩ ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ አስጠጉ።

በሰፈራችን የጎረቤት መድኃኒት እምቢ አይባልም። እምቢ ማለት መድኃኒቱን ሳይሆን ሰውየውን መናቅ ነው። እኔ ደግሞ ሰው ፊት እምቢ ማለት የማልችል፣ ይሉኝታ የሚባለው ነገር ከጆሮዬ ይበልጥ የሚያሠቃየኝ ሰው ነበርኩ። መጀመሪያ የመጡት ጡረታ የወጡት አሥር አለቃ ናቸው። «እኔ ስንቱን ወታደር በነጭ ሽንኩርት አድኛለሁ» ብለው አንድ ፍሬ ልጠው ጆሮዬ ላይ አስቀመጡና በአውራ ጣታቸው ገፉት። እንባዬ ሲወርድ አዩና «እየሠራ ነው» አሉ።

ቀጥሎ ከግድግዳው ማዶ የሚኖረው የጨርቅ ነጋዴ ሚስት መጣች። አራስ ነበረች። «የእናት ጡት ወተት ለጆሮ ፍቱን ነው፣ ወላሂ» ብላ ወተቷን በሲኒ ይዛ ለእናቴ ሰጠቻት። ሃያ ዓመት የሞላው የመንግሥት ሠራተኛ ጭንቅላቱን እናቱ ጭን ላይ አስደግፎ፣ እግሩን ከደጃፉ ውጭ ዘርግቶ፣ የሌላ ሕፃን ምግብ ጆሮው ውስጥ ተንቆረቆረለት። አላፊ አግዳሚው ቆሞ «እግዜር ይማርህ» ይለኛል።

በሦስተኛው ቀን ጸሎት ቤት የምትሄደው ልብስ ሰፊ ጎረቤታችን እጇን ጭናብኝ ጸለየች። ድምጿን ከፍ ከማድረጓ የተነሣ ደህናው ጆሮዬም ሊደነቁር ነበር፤ ቢሆንም ጆሮዬ ውስጥ ምንም ያልከተተችብኝ እሷ ብቻ ነበረች። በመጨረሻ እናቴ ጤና አዳም ጠቅልላ ከላይ ወሸቀችና ሁሉም እንዳይወጣ በጥጥ ደፈነችው።

በአምስተኛው ቀን ትኩሳት ያዘኝ፤ ስቆም ምድር ትዞርብኛለች። ጦር ኃይሎች አካባቢ ወደነበረ ክሊኒክ ተወሰድኩ። ታማሚ ብቻውን አይሄድምና እናቴ፣ አሥር አለቃው፣ ሕፃኗን ያዘለችው የነጋዴው ሚስትና ልብስ ሰፊዋ አብረውኝ መጡ። በሽተኛ የሚያክመው የጤና ረዳት፣ ድሬሰሩ፣ ውጭ ጠብቁ ቢላቸውም እንዳልሰሙ ሆነው ገቡ። ከመካከላቸው የማይሰማው እኔ መሆኔን ረስተው ነበር።

ድሬሰሩ ግንባሩ ላይ መስተዋት አስሮ ጎንበስ አለና «ቤት ውስጥ ምን አደረጋችሁለት?» ሲል ጠየቀ።

«ምንም» አለች እናቴ። ሁሉም «ምንም፣ ምንም» አሉ።

ከዚያ በመቆንጠጫ ማውጣት ጀመረ። ጥጡ ወጣ። ጤና አዳሙ ወጣ። የረጋ ነጭ ነገር ሲወጣ የነጋዴው ሚስት ሕፃኗን ማባበል ጀመረች፤ ሕፃኗ ግን አላለቀሰችም። መጨረሻ ላይ ነጭ ሽንኩርቱ ሳህኑ ላይ ጠብ አለ።

ድሬሰሩ ቀና ብሎ አየንና «ይሄ ጆሮ ነው ወጥ?» አለ።

«እሱ ባይገባ ኖሮ ይብስበት ነበር» አሉ አሥር አለቃው።

እናቴ «በውሃ እጠብልኝ፣ ጌታዬ» ብትለው ድሬሰሩ ራሱን ነቀነቀ። «እማማ፣ የጆሮው ታምቡር የቆየ ቀዳዳ አለው። ውሃ ሆነ ዘይት ሆነ ወተት፣ የገባው ሁሉ በቀዳዳው አልፎ ውስጡን ያመግለዋል። ሲታጠብ እንኳ በጥጥ ይደፈን። መርፌና የመድኃኒት ጠብታ አዝዝለታለሁ፣ መግሉ ይቆማል። መስማቱን ግን ቃል አልገባልዎትም።»

 እናቴ አሥር ዓመት ሙሉ ስትፈራው የኖረችውን ጥያቄ ጠየቀች፦ «በጥፊ ይበሳል?»

ድሬሰሩ መዋሸት የማያውቅ ሰው ነበር። «በጥፊም ይበሳል፣ በእንጨትም ይበሳል፣ በራሱ መግልም ይበሳል። ይሄን ያህል ከቆየ በኋላ ማን እንደበሳው እኔ አላውቅም።»

እናቴ ቀኝ እጇን ዘርግታ አሳየችው። «ይሄ ነው» አለች፤ «በዚህ እጄ ነው ያደነቆርኩት።» ጎረቤቶቻችን ሁሉ እየሰሙ እንደ ልጅ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። እጇ ከልብስ አጠባ ብዛት የተሰነጣጠቀ ነበር። እኔን አስተምሮ ጸሐፊ ያደረገው ያ እጅ ነው።

ያን ጊዜም ቢሆን ዝም ማለት ይቻል ነበር። ዝም ብዬ ልለፈው ብዬ ማሰቤን አልክድም፤ የዚያ ዓመት ፋሲካ የበላሁት ፈረሰኛም ትዝ ብሎኛል። ግን የተዘረጋውን እጇን ማየት አልቻልኩም።

«የጃንጥላ ሽቦ ነው» አልኩ። ማንም አልሰማኝም። ደገምኩት። «የጃንጥላ ሽቦ ነው። ራሴ ነኝ። ስጎረጉር።»

«ከጥፊው በፊት ነው በኋላ?» አለ ድሬሰሩ።

«በፊት። በዋዜማው።»

አሥር አለቃው ሳል ሳይኖርባቸው ሳሉና ወደ ደጅ ወጡ። ሁለቱ ሴቶችም ተከተሏቸው። ቅድም ውጭ ጠብቁ ሲባሉ እንዳልሰሙ የሆኑት ሰዎች ያለ ማንም ልመና ወጡ። እናቴ እጇን መልሳ ነጠላዋ ውስጥ ከተተች።

«አሥር ዓመት?» አለችኝ።

«አዎ» አልኩ።

መርፌዬን ተወግቼ ስወጣ ጎረቤቶቻችን አውቶቡስ ይዘው ሄደው ነበር። እናቴ በእግር እንሂድ አለችኝ። መንገድ ስንሄድ ሁልጊዜ በቀኜ በኩል ነበር የምትሆነው፤ ስታወራኝ እንድሰማት ብላ። የዚያን ቀን ግን ዞራ በግራዬ በኩል ሆነች። ከጦር ኃይሎች ጀምራ አሥራ ስምንት ማዞሪያ እስክንደርስ ድረስ አፏ አላረፈም። አንዳንዴ እጇን ታወናጭፋለች፤ አንዳንዴ በነጠላዋ ጫፍ ዐይኗን ትጠርጋለች፤ አንድ ጊዜ የሣቀችም መሰለኝ። እየረገመችኝ ይሁን፣ ለራሷ እያዘነች ይሁን አላውቅም። አንገቴን ትንሽ ዞር ባደርግ እሰማት ነበር። አላዞርኩም።