ከምስር ወጡ በኋላ

ታላቅ ወንድም ሆኖ የተወለደ ሰው ተረት ባይሰማ ይሻለዋል። እኔ ግን ከተረት በቀር ሌላ ነገር ሰምቼ አላደግኩም። አባቴ ሠዓሊ ነው፤ አፉ ካላወራ እጁ አይሠራለትም።

ቀጨኔ ዳገቱ ላይ ካለችው ቤታችን የፊተኛዋ ክፍል የእሱ ናት። የፍየል ብራና እንጨት ላይ ወጥሮ፣ በከሰል ነድፎ፣ ቀለም ቀብቶ የመጽሐፍ ታሪክ ይሥላል። ልጆች ሳለን እኔና በሁለት ዓመት የምበልጠው ታናሽ ወንድሜ እግሩ ሥር ተቀምጠን ብሩሽ እናጥባለን፣ እሱ ያወራል።

ወሬው ሁሉ የወንድማማች ነው። አንዱ ታላቅ በቅናት ታናሹን ሜዳ ላይ ይገድላል። ሌላው ርቦት ከአደን ሲመለስ ታናሹ አታሎት ብኩርናውን በምስር ወጥ ይሸጣል። ሌሎቹ ተባብረው ታናሻቸውን ጉድጓድ ይጥላሉ። አባቴ መጽሐፉን ትቶ ወደ ተረት ሲሻገር እንኳ አይምረንም፤ ስግብግቡ ታላቅ ለአሮጊቷ ዳቦ ነፍጎ እባብ ያገኛል፣ ደጉ ታናሽ አካፍሎ ወርቅ ያገኛል። «አባዬ፣ ደህና ታላቅ የሚባል ጭራሽ አልተፈጠረም እንዴ?» ብዬ ብጠይቀው ሳቀብኝ። እኔ አልሳቅኩም።

ሥዕሉ ደግሞ ይብሳል። በእኛ አገር አሣሣል ደግ ሰው ፊቱን ወደ ተመልካቹ መልሶ በሁለት ዓይኑ ይታያል፤ ክፉ ሰው በጎኑ ስለሚሣል አንድ ዓይን ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ ግድግዳችን ላይ የተሰቀሉት ታላላቅ ወንድሞች ሁሉ ባለ አንድ ዓይን ነበሩ። ታናሼ ይህ ነገር እንደሚያበሳጨኝ ለማወቅ ጊዜ አልፈጀበትም። ስንጣላ ስድብ አያስፈልገውም ነበር። አንድ ዓይኑን በመዳፉ ሸፍኖ ቀጥ ብሎ ያየኛል። በቃ፣ ደሜ ይፈላል።

በእኛ ቤት ዓይን የሚሣለው መጨረሻ ላይ ነው። ልብሱም ሰማዩም አልቆ ዓይን እስኪገባ ድረስ ሥዕሉ አለቀ አይባልም። ዓይንን ደግሞ አባቴ ለማንም አይሰጥም ነበር። እጁ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ግን መስጠት ግድ ሆነበት፤ ለታናሼ ሰጠው። የታናሼ እጅ የረጋ ስለሆነ ነው፣ አውቃለሁ። እኔ የምቀባው ሰማይ ነበር፣ እሱንም ከመስመር እያስወጣሁ። ቢሆንም ብኩርናውን ታናሹ የወሰደበት ያ ታሪክ በራሴ ላይ የደረሰ መሰለኝና ከፋኝ። ከዊንጌት መርካቶ ሚኒባስ መንዳት ጀመርኩ። ቤት ስመጣ አባቴን ስሜ፣ ከእናቴ ጋር ጓዳ ተጫውቼ እወጣለሁ፤ ፊተኛዋ ክፍል ውስጥ ግን አልቀመጥም ነበር። ማወቅ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር። አባቴ እኔን ሲያይ የሚያየው ያንን ባለ አንድ ዓይን ታላቅ ይሆን? ይህ ደግሞ አይጠየቅም።

ዘንድሮ፣ በዓል ሲቃረብ፣ ወንድሜ ደወለ።

«አባዬ ሥዕል ነድፏል» አለኝ።

«በዚያ እጁ?»

«በዚያ እጁ። ቀለሙን እኔ ቀባሁለት፤ ዓይን ላስገባ ስል ግን ከለከለኝ። ‹ወንድምህን ጥራው› ነው የሚለው። እባክህ ና። ቁጣህን ደግሞ እዚያው ታክሲ ተራው ላይ ተወው።»

መኪናዋን ለጓደኛዬ ሰጥቼ ዳገቱን ወጣሁ። አባቴ ብርድ ልብስ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ተቀምጧል። ብራናው ላይ ሁለት ሰዎች ተቃቅፈዋል። መስመሩ እንደ እጁ የተንቀጠቀጠ ነው። ፊታቸው ላይ ገና ዓይን የለም።

«እነማን ናቸው?» አልኩት።

«ብኩርናውን በምስር ወጥ የሸጠው ታላቅና ያታለለው ታናሽ ናቸዋ። ታናሹ ሸሽቶ ብዙ ዘመን ከኖረ በኋላ ወደ አገሩ ሲመለስ ‹ወንድሜ ይገድለኛል› ብሎ ፈርቶ ነበር። ታላቁ ግን ሮጦ አቀፈው፣ ሳመው። ሁለቱም አለቀሱ።»

ቤተ ክርስቲያን ሰምቼው ይሆናል። ከአባቴ አፍ ግን ሰምቼው አላውቅም።

«ይህንን መቼ ነገርከን፣ አባዬ?»

«መቼ አስጨርሳችሁኝ!» ብሎ ተቆጣ። «ምስር ወጡ ላይ ስንደርስ ትደባደቡ የለም እንዴ! አንተ ‹ተታሎ ነው እኮ!› ትላለህ፣ እሱ ዓይኑን ይሸፍንብሃል፣ እናታችሁ ትጮሃለች። እኔ ታሪኬን እንዳንጠለጠልኩ እቀራለሁ። ስንት ዓመት ሙሉ!»

ሳቄ መጣ፤ ከሳቁ ጋር እንባዬም መጣ። ወደ ሥዕሉ ጠጋ አልኩ። ታላቁ ፊቱን ወደ እኛ መልሷል፤ ለሁለት ዓይን የሚበቃ ቦታ ተትቶለታል። ታናሹ ፊቱን ታላቁ ትከሻ ላይ ስለደፋ የሚታየው በጎኑ ነው፤ ለእሱ የተተወው የአንድ ዓይን ቦታ ብቻ ነው።

አባቴ ብሩሹን ዘረጋልኝ። «የታላቁን አንተ አስገባ።»

«አበላሸዋለሁ፣ አባዬ።»

«ብታበላሸውም አንተ አበላሽልኝ።»

ተቀመጥኩ። ወንድሜ ብራናው እንዳይነቃነቅ በሁለት እጁ ያዘልኝ። የመጀመሪያው ዓይን ደህና ወጣ፣ ሁለተኛው ትንሽ ከፍ አለ። አባቴ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ሥዕሉን አየ፣ ቀጥሎ እኔን አየኝ። «አዎ፣ እሱ ነው» አለ። ልቤ ዕረፍት አገኘ።

የቀረው የታናሹ ዓይን ነበርና ብሩሹን ለወንድሜ ሰጠሁት። አልተቀበለኝም። ያ ጺሙ መሸበት የጀመረ ሰውዬ እንደ ልጅነታችን ቀጥ ብሎ አየኝ። መዳፉን አንስቶ አንድ ዓይኑን ሸፈነና በሌላው እጁ ወደ ራሱ ደረት ጠቆመ።

«ደግሞ ልትጀምሩ ነው?» አለ አባቴ።