ከዘፈኑ ሥር የቀረ ምርቃት

የሰርጌ ቪዲዮ የሰለቸኝ ገና በመጀመሪያው ወር ነው። ጣና ዳር ከዋርካው ሥር እጅ ለእጅ ተያይዘን ወዲያ ወዲህ ስንል፣ ጀልባ ላይ ስንወጣ ስንወርድ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ዘፈን ብቻ። አባቴ ሲመርቀን እንኳ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል እንጂ ድምፁ አይሰማም፤ ዘፈን ተጭኖበታል። የእኛ አገር ካሜራማን ዝም ያለ ቦታ ካየ ያመዋል።

በዕለቱም አልሰማሁትም። ጉልበቱን ለመሳም ጎንበስ ስል እልልታው ጆሮዬን ደፈነው። ቪዲዮው አለ ብዬ ግድ አልሰጠኝም። ባለፈው ክረምት አባቴ ሲሞት ግን ያቺ ምርቃት እንደ ውኃ ጥም ያዘችኝ። እናቴን ብጠይቃት፣ «እኔስ እልል ስል የት ሰምቼው» አለችኝ።

ካሜራማኑ ለአባቴ ደረቱ ላይ ማይክ አድርጎለት ነበር። ዘፈን ያልገባበትን ዋናውን ቅጂ ልለምነው ወደ ስቱዲዮው ሄድሁ። ጥያቄዬን ሳልጨርስ ፊቱ ጠቆረ።

«ምን ልበልሽ እህቴ፣ ኮምፒውተሩ ተቆልፏል።»

ዘፈኑንም የቪዲዮ ማቀናበሪያውንም የሚያወርደው ከቶረንት ነው፤ የማይተዋወቅ ሰው ከኮምፒውተር ኮምፒውተር በነፃ ከሚቀባበልበት። የመጨረሻውን ፕሮግራም ሲጭን አብሮት የመጣው መመሪያ «መጀመሪያ ፀረ ቫይረሱን አጥፋ» አለው። አጠፋ። ሁልጊዜም እንዲያ ስለሚል አልገረመውም። ሌባ በር ክፈትልኝ ሲል ተነሥቶ መክፈት ማለት ነው። በማግስቱ የስንቱ ሰው ሰርግ ተቆልፎ፣ ገንዘብ ካልላካችሁ አልከፍትም የሚል ጽሑፍ ብቻ ቀረ።

«ሌላ ቦታ አላስቀመጥኸውም?»

«ሃርድ ዲስኩም እዚያው ተሰክቶ ነበር።»

ልጮህበት አስቤ ደከመኝ። ፕሮግራም ገዝቶ የሚሠራ ሰው እኔስ የት አውቃለሁ? የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም ብዬ ወጣሁ፤ ማለቱ ይቀላል።

የሰጠን ፍላሽ ከጠፋ ቆይቷል። የቀረን ባለቤቴ ለዘመድ ብሎ ኢንተርኔት ላይ የጫነው ብቻ ነው። ባለፈው ሰሞን እናቴ ከመሸንቲ ልትጠይቀን መጥታ ስከፍትላት፣ እሱም ድምፅ አልነበረውም። የዘፈኑ ባለመብት «ሳልፈቅድ የተወሰደ ነው» ብሎ ድምፁን አዘግቶታል። እውነቱን ነው፤ ዘፈኑ የላቡ ዋጋ ነው። እኔ ግን አለቀስሁ። አሁን አባቴም ዘፈኑም ዝም አሉ።

እናቴ ስልኩን ተቀብላ ዓይኗን አጥብባ ታይ ጀመር። አባቴ ጥቂት ይናገርና ቆም ይላል፤ ደግሞ ይናገርና ቆም ይላል። ዘፈኑ እያለ ይህን አስተውዬው አላውቅም።

«ምን እያለ ነው?» አልኋት።

«እኔ ምን አውቄ። አሜን በይ እንጂ፣ እየጠበቀሽ እኮ ነው።»

ወደ ኋላ መለስሁትና፣ እሱ ቆም ባለ ቁጥር አሜን አልሁ።